የአፍሪካ ታሪክ ለጥቁር ሕዝብ ማንነትና ሥነ ልቦና ለምን ያስፈልጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚመለከቱት አያት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ተግዘው ወደ ዩናይትድ ስቴትስ የተወሰዱትን ጥቁር አሜሪካውያንን ነው፤ ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ የተጠናውና ብዙ ክርክር የተደረገበት እዚያ ነውና። ኢትዮጵያንና ከኢትዮጵያ የወጡ ማኅበረሰቦችን የሚመለከቱ ጥያቄዎችም በቦታቸው ተካተዋል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪክ ያለፈ ነገር ነው። ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ሥነ ልቦና ምን ይጠቅመዋል?

ሰው ስለ ራሱ የሚያስበው ነገር ከባዶ አይነሣም። ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወገኖቹ ከየት እንደመጡ፣ ምን ሲሠሩና ምን ሲደርስባቸው እንደኖሩ ከሚሰማው እየቀዳ ማንነቱን ይገነባል። በዙሪያው የሚያየው ሁሉ፣ የቤተሰቡ ድህነትም ይሁን የሚደርስበት ንቀት ወይም የሰፈሩ መጎሳቆል፣ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ጥፋቱን በራሱና በወገኖቹ ላይ ይፈልጋል፤ «እንዲህ የሆንነው አንድ የጎደለን ነገር ቢኖር ነው» ወደሚል ድምዳሜም ይደርሳል።

በእኔ እምነት የታሪክ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ታሪክ ኩራት ይሰጣል ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ እውነትም ይሰጣል። ከኩራቱ የሚበልጠው ግን ጥፋቱን ከተበዳዩ ጫንቃ ላይ አንሥቶ ለባለቤቱ መመለሱ ነው። ባርነት መነሻ ጊዜ፣ የተጻፈ ሕግ፣ ገበያና ተጠቃሚ የነበረው በሰው ላይ የተፈጸመ ድርጊት መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ከባሪያ መወለድን የተፈጥሮው አካል አድርጎ አይቆጥረውም። ከባርነቱ አስቀድሞ ቤት፣ ቋንቋ፣ ሙያና አገር እንደነበረ ያወቀ ሰውም የወገኖቹ ታሪክ በመርከብ ላይ እንዳልጀመረ ያውቃል።

ባርነት የሰውን ታሪክ የሚነጥቀው እንዴት ነው? ትዝታን ማን ይነጥቃል?

ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ወደ 12.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያን ተጭነዋል፤ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በቀጥታ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተወሰዱት ወደ 388,000 የሚጠጉት ሲሆኑ ከቀሩት አብዛኞቹ ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄደዋል። በአንድ እርሻ ላይ የማይግባቡ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች ይገኙ ነበር። ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ይሸጣል፤ ስም በጌታው ፈቃድ ይለወጣል፤ በብዙ የደቡብ ግዛቶችም ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ነበር።

የነጠቃው መልክ በግልጽ የሚታየው በቆጠራ መዝገቦች ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1850 እና በ1860 ሕዝብ ሲቆጥር ለባሪያዎች የተለየ መዝገብ ነበረው። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የባለቤቱ ስም ሲሆን ከሥሩ የባሪያዎቹ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል፤ ለምሳሌ 35፣ ሴት፣ ጥቁር፤ ወረድ ሲል 8፣ ወንድ፣ ክልስ። እናትና ልጅ ይሁኑ አይሁኑ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ስማቸውም ከጥቂቶች በቀር አልተጻፈም። እነዚህ ሰዎች በብዛት በስማቸው የተመዘገቡት ከባርነት ነፃ ከወጡ በኋላ በተደረገው የ1870 ቆጠራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የቤተሰቡን ሐረግ የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ ቆጥሮ 1870 ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል።

ሰዎቹ ግን አልረሱም። ባርነት ካበቃበት ከ1865 በኋላ ለአሥርት ዓመታት በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ «ዘመዴን ያያችሁ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር። ጸሐፊዎቹ የእናታቸውን ስም፣ ማን ለማን እንደሸጣት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩበትን ከተማና የወንድም የእህቶቻቸውን ስም ይዘረዝራሉ። ብዙዎቹ ተጠፋፍተው ቀርተዋል።

«አፍሪካ ታሪክ የላትም» የሚለው አስተሳሰብ ከየት መጣ?

ሰውን እንደ ዕቃ ለመሸጥ አስቀድሞ ሰውነቱን መካድ ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም ምሁራን ተባብረዋል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን በሰጣቸው ትምህርቶች አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጭ አድርጓታል። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ የሉዊዚያና ሐኪም ከጌታው የሚሸሽ ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ ለበሽታው «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አወጣለት፤ ካዘዛቸው መድኃኒቶች አንዱ ግርፋት ነበር። ነፃነትን መፈለግ በሕክምና ጽሑፍ ላይ እንደ ሕመም ሲቆጠር፣ ዕውቀት ራሱ ለባርነት እንዴት እንዳገለገለ ማየት ይቻላል። አስተሳሰቡ በዚያ ዘመን አላበቃም፤ የኦክስፎርዱ የታሪክ ፕሮፌሰር ህዩ ትሬቨር-ሮፐር በአፍሪካ ያለው የአውሮፓውያን ታሪክ ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው ጨለማ እንደሆነ የተናገሩት በ1963 ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተበት ዓመት ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ጉዳይ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የሾና ሕዝብ አባቶች ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው የሠሩትን ይህን ከተማ ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ አሳሽ በ1871 ሲያየው የንግሥተ ሳባ ሥራ ነው አለ። ማስረጃው ከበሩ ላይ የቆረጠው እንጨት ነበር፤ ሽታው እርሳሱን ስለመሰለው የሊባኖስ ዝግባ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። የድንጋዩን ሥራ ከአካባቢው ሰዎች ላለመስጠት ሲባል ንግሥተ ሳባ ሳይቀር ተጠራች። በ1905 እና በ1929 የተደረጉ ቁፋሮዎች ሥራው የአፍሪካውያን መሆኑን ቢያረጋግጡም፣ የሮዴሽያ የነጮች መንግሥት እውነቱ በመጻሕፍትና በሙዚየም እንዳይነገር እስከ 1970ዎቹ ድረስ ባለሙያዎችን ይጫን ነበር። አገሪቱ በ1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን ከዚያ ፍርስራሽ ወሰደች።

የአሻንጉሊቶቹ ሙከራ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በትክክል ምን ነበር?

ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ሜሚ ክላርክ በዋሽንግተን ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ናቸው። የሥራው መነሻ ሜሚ ለማስተርስ ዲግሪዋ በትንንሽ ልጆች ላይ ያደረገችው ጥናት ነበር።

አራት አሻንጉሊቶች ይቀርባሉ። ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱ ቡናማ ቆዳና ጥቁር ፀጉር፣ ሁለቱ ነጭ ቆዳና ቢጫ ፀጉር አላቸው፤ የለበሱትም የሕፃን ጨርቅ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ መጫወት የሚፈልግበትን፣ ጥሩ የሆነውን፣ መጥፎ የሚመስለውን፣ ጥሩ ቀለም ያለውን አሻንጉሊት እንዲሰጥ ይጠየቃል። ቀጥሎ ነጭ ልጅ የሚመስለውንና ጥቁር ልጅ የሚመስለውን እንዲለይ ይደረጋል። የመጨረሻው ጥያቄ «አንተን የሚመስለውን ስጠኝ» የሚል ነው።

በ1947 በታተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 253 ጥቁር ልጆች ከደቡቧ ግዛት ከአርካንሶና ከሰሜኗ ግዛት ከማሳቹሴትስ ተሳትፈዋል። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ለመጫወት ነጩን መረጡ፤ 59 በመቶው መጥፎ የሚመስለው ቡናማው ነው አሉ። ይህን ካሉ በኋላ ነው «አንተን የሚመስለው የትኛው ነው» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። በማሳቹሴትስ አንዳንዶቹ እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ መልስ መስጠት እንቢ አሉ፤ እያለቀሱ ከክፍሉ ሮጠው የወጡም ነበሩ። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ በቅርቡ «መጥፎ» ብሎ ወደ ጎን የገፋውን አሻንጉሊት መልሶ አንሥቶ «እኔ ይህ ነኝ» እንዲል መጠየቁን ማሰብ ለብዙ አንባቢ ከባድ ነው፤ ክላርክ ራሱም ሙከራው እንዳስጨነቀው ከዓመታት በኋላ ተናግሯል።

ግኝቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሜይ 17 ቀን 1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ለተባለበት ውሳኔ ከቀረቡት የሥነ ልቦና ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከነጮች ጋር አብረው ይማሩ የነበሩት የሰሜን ልጆች ነጩን አሻንጉሊት በመምረጥ ከደቡቦቹ ይበልጡ ነበር። የችግሩ ምንጭ የትምህርት ቤት አጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። ልጆቹ የሚያዩት መጽሐፍ፣ ፊልም፣ ማስታወቂያና የሱቅ አሻንጉሊት ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት ያስተላልፍ ነበር፤ ስለ ራሳቸው ሕዝብ ሌላ ነገር የሚነግራቸው ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ጥቁሮች ራሳቸውን ይጠላሉ ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው፤ ጉዳትም አለው። ዊሊያም ክሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንዳሳየው፣ አንድ ሰው ስለ ግሉ ያለው ግምትና ስለ ወገኑ ያለው ግምት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ2000 ወዲህ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመሩ ሥራዎች ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከነጮቹ እንደማያንስ፣ እንዲያውም እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰፈር ልጆቹን ጠብቀዋል። ጉዳቱ የሚታየው ሰውየው «እኔ ደህና ነኝ፤ ስለ እኛ ግን የሚባለው እውነት ይሆን?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ ነው፤ ታሪክ መልስ የሚሰጠውም ለዚሁ ጥያቄ ነው።

ታሪክን እንደ መድኃኒት ያሰቡት እነማን ናቸው?

ካርተር ዉድሰን በ1875 በቨርጂኒያ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደ፤ በወጣትነቱ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፈረ፤ በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በ1915 የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር መሠረተ፤ በ1926 ደግሞ በፌብሩዋሪ ወር ሁለተኛው ሳምንት የሚከበረውን የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት ጀመረ። ከ1976 ወዲህ ሙሉ ወር ሆኗል። ዉድሰን በግልጽ ያየው ነገር የሰውን አስተሳሰብ የያዘ አካል እጁን በካቴና ማሰር እንደማያስፈልገው ነበር።

በዚያው ዘመን በፖርቶ ሪኮ የተወለደው አርቱሮ ሾምበርግ ስለ አፍሪካውያንና ስለ ልጆቻቸው የተጻፉ መጻሕፍትን፣ የእጅ ጽሑፎችንና ሥዕሎችን ሲሰበስብ ኖረ፤ ስብስቡን በ1926 የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወሰደው፤ ዛሬም በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ከሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ነው። በሚሲሲፒ የተወለደው ይህ መምህር ከ1922 ጀምሮ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት አፍሪካን ታሪክ ያስተማረ ሲሆን በዛሬዋ ሱዳን የነበረውን የኩሽ መንግሥትና አክሱምን የትምህርቱ እምብርት አደረጋቸው። በጊዜው ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ጉዳዩን እንደ ቅዠት ይቆጥሩት ነበር። በ1934 በሐዋርድ ሕክምና ይማር ከነበረው ከመላኩ በያን ጋር ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ አቋቋመ፤ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችንም ረዳ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ስለ አፍሪካ ጥናት ሸለመው፤ ሽልማቱ ከራሱ አገር ሳይሆን ከኢትዮጵያ መምጣቱን ልብ ይሏል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ደግሞ በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ የጥቁር ሥነ ልቦና ሊቃውንትን ማኅበር መሠረቱ። መነሻቸው ነጮችን መለኪያ አድርጎ ጥቁሮችን ጎዶሎ የሚያደርገው የምርምር ልማድ እንዲያበቃ ነበር።

በእርግጥ እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ አለ?

አለ፤ ሳይጋነን ግን መነገር አለበት። በአትላንታ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆች ስለ ቤተሰባቸው የሚያውቁትን በ20 ጥያቄዎች መዝነው ነበር፤ አያቶችህ የት አደጉ፣ ወላጆችህ የት ተገናኙ የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምትም ሆነ ሕይወታቸውን እንደሚመሩ የሚሰማቸው ስሜት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ዕውቀቱ ራሱ አበረታቸው ወይስ እንዲህ የሚያወራ ቤት በሌላም መንገድ ጥሩ ቤት ስለሆነ ነው የሚለው ለክርክር ክፍት ነው።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ይጠነክራል። በሳን ፍራንሲስኮ ውጤታቸው ዝቅ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የየማኅበረሰባቸውን ታሪክ የሚያስተምር ኮርስ እንዲወስዱ ተደረገ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከመቁረጫው ነጥብ ትንሽ በላይና ትንሽ በታች የነበሩትን ሲያወዳድሩ፣ ኮርሱን የወሰዱት በትምህርት ገበታ መገኘታቸው በ21 የመቶኛ ነጥብ፣ አማካይ ውጤታቸው ደግሞ በ1.4 ነጥብ ጨምሮ አገኙት። ተማሪዎቹ ከተለያየ ዘር የመጡ ስለነበሩ ስለ ጥቁሮች ብቻ የሚናገር ጥናት አይደለም፤ የሚያሳየው መርሕ ግን አንድ ነው።

ጥቁር ወላጆች ልጆቻቸውን በታሪካቸውና በባህላቸው ኮትኩተው ማሳደጋቸው ከልጆቹ በራስ መተማመን ጋር እንደሚያያዝ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። «ማንንም አትመን» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻውን ሲሰጥ ግን ተመሳሳይ ውጤት አይገኝም፤ አንዳንዴም ይጎዳል። ወላጆች ይህን ልዩነት ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል።

ለሐኪሞችና ለአማካሪዎችስ የሚሰጠው ነገር አለ?

ከካሪቢያኗ ደሴት ከማርቲኒክ የመጣው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን በ1953 በአልጄሪያ ብሊዳ በሚገኝ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ለአውሮፓውያን ሴት ታማሚዎች በዓል፣ ፊልምና የዕደ ጥበብ ሥራ እንዲኖር ሲያደርግ ተሻላቸው፤ ያንኑ ለአልጄሪያውያን ሙስሊም ወንዶች ሲያደርግ ግን ማንም አልመጣለትም። ፋኖንና ረዳቱ ስሕተቱ ከታማሚዎቹ ሳይሆን ከእነርሱ ከራሳቸው መሆኑን ተገነዘቡ። በሆስፒታሉ ውስጥ የአገሬው ዓይነት ቡና ቤት ተከፈተ፤ የእስልምና በዓላት መከበር ጀመሩ፤ የአካባቢው ተረት ነጋሪም እየመጣ ማውራት ጀመረ። ታማሚዎቹም መሰብሰብና መነጋገር ጀመሩ። የሰውን ታሪክ ሳያውቁ ሰውየውን ለማከም መሞከር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ለልጆች የነገሥታትንና የፒራሚዶችን ታሪክ ማስተማር አይበቃም?

ጥሩ መነሻ ነው፤ በ1324 ለሐጅ ሲሄድ በካይሮ ወርቅ የበተነውን የማሊውን ማንሳ ሙሳ፣ የቲምቡክቱን የእጅ ጽሑፎች፣ የአክሱምን የወርቅ ሳንቲሞች ልጅ ቢያውቅ መልካም ነው። በዚያ ብቻ መቆም ግን አደጋ አለው። ክብር የሚገባው ንጉሥ ለነበረው ብቻ ነው ከተባለ ገበሬውና ሸማኔው፣ በመርከብ የተጫነችውም እናት ክብር አልነበራቸውም ማለት ይሆናል። የአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ አያቶች ደግሞ ነገሥታት አልነበሩም።

በ1991 በኒው ዮርክ ማንሃተን የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ለመሥራት መሬት ሲቆፈር በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያገለግል የነበረ የአፍሪካውያን መቃብር ተገኘ። የወጡት 419 አፅሞች በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተጠኑ። ከከባድ ሸክም የተነሣ ጅማት ከአጥንት የተገነጠለበት ምልክት ታይቷል፤ በአፍሪካ ልማድ የተሞረዱ ጥርሶችም ተገኝተዋል፤ አንዲት ሴት ከተወለደችበት አገር ወግ ሳትለይ ወገቧን በዶቃ እንዳሰረች ተቀብራ ነበር። በ2003 በጋና በተጠረቡ የእንጨት ሣጥኖች ተመልሰው ተቀበሩ። የዚያች ሴት የወገብ ዶቃ፣ ወገኖቹ ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡ ለአንድ ታዳጊ ለማስረዳት ከብዙ ዘውድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የማያስደስተውም መነገር አለበት። በባሪያ ንግዱ የአፍሪካ ነገሥታትና ነጋዴዎች እጅ ነበረበት፤ በዛሬዋ ቤኒን የነበረው የዳሆሚ መንግሥት ከዚህ ሀብት አግኝቷል። ይህን የሚደብቅ ትምህርት ልጁ ከሌላ ሰው አፍ የሰማው ዕለት ይፈርሳል። የተጋነነ ወይም የፈጠራ ታሪክም እንደዚሁ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ውዳሴ ጥቁሮችን ደካማ ለማስመሰል ለሚፈልጉት መሣሪያ ያቀብላቸዋል።

የዲኤንኤ ምርመራ የጠፋውን ይመልሳል?

በከፊል። በእናት መስመር ብቻ የሚወርደው ዲኤንኤ ሲመረመር የሚናገረው ስለ አንዲት ሴት መስመር ነው፤ ከአሥር ትውልድ በፊት ግን እያንዳንዳችን 1,024 የአያት ቦታ አለን። ውጤቱም ዛሬ ካሉ ሰዎች ጋር በማመሳሰል የተገኘ ግምት ነው። ለብዙዎች ትልቅ መጽናኛ ስለሆነ መናቅ አይገባም፤ የሕዝቡን ታሪክ ማንበብን ግን አይተካም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ምን ቦታ አላት?

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚያስቡት በላይ ሰፊ ቦታ አላት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል በባርነት ለነበሩ ሰዎች ተስፋ ነበር። በ1808 በኒው ዮርክ በቤተ ክርስቲያን ተለይተው እንዲቀመጡ ሲታዘዙ እንቢ ብለው የወጡ ጥቁሮች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቢሲኒያን ብለው ሰየሙት፤ ከመካከላቸው የኢትዮጵያ ነጋዴዎች እንደነበሩ ይነገራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቁትን ስም በዚያ ዘመን ካለ ጦር ጋር አገናኘው። በ1897 የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቫን አፄ ምኒልክን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መጣ። የጃማይካዊው የጥቁሮች መሪ የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ በ1920 የተቀበለው መዝሙር ኢትዮጵያን የአባቶቻችን ምድር ብሎ ይጠራል። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወርር በሐርለም ሰልፍ ተደረገ፤ የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አዛዥ ሆነ፤ መላኩ በያንም በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ።

ይህ ሁሉ ፍቅር ግዴታም ያመጣል። በአገራችን ባርነት በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የተፈነገሉና የተሸጡ ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ፤ በቆዳ ቀለም ሰውን መስደብም ከአፋችን አልጠፋም። በዐድዋ የሚኮራ ሰው ይህንንም ሊያስተምር ይገባል።

በአሜሪካ የሚያድገው ልጄ «እኔ ሐበሻ ነኝ እንጂ ጥቁር አይደለሁም» ይላል። ምን ልበለው?

መጀመሪያ ይህን ከማን እንደሰማው ይጠይቁት፤ ከቤት ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ወይም ቤት የሚያከራየው ሰው ይህን ልዩነት እንደማያደርግ ልጁ ራሱ ይደርስበታል፤ የደረሰበት ዕለትም የሚያስፈልገውን ታሪክ ሳይዝ ይቀራል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእርሱም የተሠራ ነገር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ወደ አሜሪካ ለመግባት የቻሉበት የ1965 የስደተኞች ሕግ የወጣው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል በፈጠረው ጊዜ ነው።

እርሱ ከእኛ እየሰማ እስከ ሰባት ቤት ሊቆጥር ይችላል፤ የክፍል ጓደኛው ግን ምናልባት 1870 ላይ ይቆማል። ይህን የሚያውቅ ልጅ በዘር ሐረጉ ጓደኛውን አይንቅበትም። ሐበሻ መሆንና ጥቁር መሆን አይጋጩም፤ ሁለቱንም መሆን ይችላል፤ ብዙ ወጣቶችም በሲልቨር ስፕሪንግና በአትላንታ እንዲሁ እየኖሩ ነው።

በእስራኤል ላሉ ቤተ እስራኤላውያንስ ይሠራል?

ሁኔታቸው የተለየ ነው፤ የተወሰዱ ሳይሆኑ በእምነታቸው ወደሚናፍቁት አገር የገቡ ናቸው። ቢሆንም ሲገቡ የብዙዎቹ ስም በዕብራይስጥ ስም ተለውጧል፤ በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደነበር ሲታወቅ የወጡበት ሰልፍም የጉዳቱን ጥልቀት አሳይቷል። በሱዳን በኩል ሲጓዙ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች ማለቃቸው፣ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ማግኘታቸው፣ ስግድ የተባለው የራሳቸው በዓልም በ2008 በሕግ የአገሪቱ በዓል መሆኑ ለወጣቱ ትውልድ ወላጆቹ ዝም ብለው በአውሮፕላን ተጭነው የመጡ ሳይሆኑ በእግራቸው የተጓዙ ሰዎች መሆናቸውን ይነግረዋል።

ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ባርነት ተምሮ አፍሮ መጣ። ከየት ልጀምር?

ማፈሩን አያቃልሉበት፤ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደሣቀ፣ ዓይኖች ወደ እርሱ እንደዞሩ አስነግረው ያድምጡት። ከዚያ የትምህርቱን መጽሐፍ ይዘው ምዕራፉ በየት እንደሚጀምር አብረው ይመልከቱ። በመርከቡ የሚጀምር ከሆነ ከመርከቡ በፊት የነበረውን ይጨምሩለት፤ ባሪያዎቹ የሚቃወሙበት ገጽ ከሌለውም በ1791 የተነሣውን፣ በ1804 አገር የሆነውን የሄይቲን አብዮት ይንገሩት። ለመምህሩም በትሕትና መንገር ይቻላል፤ ብዙዎች ይቀበላሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች በ2016 የተከፈተውን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም መጎብኘት ይችላሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከምድር በታች ካለው ዝቅተኛ ወለል፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ጎብኚው እየወጣ ወደ ዛሬ ይመጣል። የታችኛው ክፍል ጠባብና ከባድ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች እዚያ ይደክማሉ፤ ስለዚህ ጊዜያችሁን ከፍላችሁ ለላይኞቹ ፎቆች፣ ለሙዚቃው፣ ለስፖርቱና ለማኅበረሰቡ ሕይወት ቢያንስ ግማሹን አስቀሩ።